የዱር እንስሳትን በካሜራ ትራፕ መቅረጽ፦ ስለ አመራረጥ፣ አተካከልና አጠቃቀም የተዘጋጀ ማብራሪያ

በአገራችን ደጋም ሆነ ቆላ ከሚኖሩ የዱር እንስሳት መካከል ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት ሰው በሌለበት ቦታና በሌሊት ነው። ነብር፣ ጥርኝ፣ ጃርት እና አዋልዲጌሳ በአንድ አካባቢ ለዓመታት እየኖሩ የአካባቢው ነዋሪ ከዱካቸውና ከኩሳቸው በቀር አካላቸውን ላያይ ይችላል። እነዚህን እንስሳት ሳይረብሹ ለመመልከት ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ በተለምዶ ካሜራ ትራፕ የሚባለው፣ እንስሳ ፊቱ ሲያልፍ በራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ካሜራ ነው።

ይህ መሣሪያ ቀደም ሲል በአብዛኛው በተመራማሪዎች እጅ ብቻ ይገኝ ነበር። አሁን ግን በማኅበረሰብ አቀፍ ቱሪዝም የተደራጁ ማኅበራት፣ የሎጅ ባለቤቶች፣ ተማሪዎች፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች እና ከብቶቻቸው በአውሬ የሚጠቁባቸው አርሶና አርብቶ አደሮች ጭምር ሊጠቀሙበት ይፈልጋሉ። ይሁን እንጂ በቂ ግንዛቤ ሳይያዝ የተገዛና የተተከለ ካሜራ በነፋስ የሚወዛወዝ ሣር ብቻ የሞላበት ካርድ ይዞ ሊገኝ፣ ሰዓቱ የተዛባ መረጃ ሊያቀርብ ወይም እንስሳቱን ከጎሬያቸው ሊያሸሽ ይችላል። ይህ ማብራሪያ ዜጎች መሣሪያውን ከመግዛታቸው በፊት እና በሚጠቀሙበት ወቅት ሊያውቋቸው የሚገቡ ዋና ዋና ጉዳዮችን ይዘረዝራል።

1. ካሜራ ትራፕ እንዴት ይሠራል?

አብዛኞቹ ካሜራ ትራፖች ከሌንሱ በታች ወይም በላይ የሙቀት ጨረር የሚለይ ሴንሰር አላቸው። ማንኛውም አካል እንደ ሙቀቱ መጠን ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ይለቃል። ሴንሰሩ ከፊት ለፊቱ ያለውን ስፍራ በክፍል በክፍል ከፋፍሎ ይጠብቃል፤ ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው አካል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ለውጡን ይለይና ካሜራውን ይቀሰቅሳል። ከዚህ አሠራር አራት ተግባራዊ ቁም ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ካሜራው ፊት ለፊት አግድም የሚያልፍን እንስሳ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ከሚመጣው በተሻለ ፍጥነት ይለያል፤ አግድም የሚያልፈው ክፍሎቹን ቶሎ ቶሎ ያቋርጣልና። ሁለተኛ፣ ሴንሰሩ የሚለየው የሙቀት ልዩነትን ስለሆነ የአየሩ ሙቀት ከእንስሳው ገላ ሙቀት ጋር በሚቀራረብባቸው ቆላማ ቦታዎች በቀትር ላይ የመለየት ዐቅሙ ይቀንሳል። በአንጻሩ በደጋና በውርጭ አካባቢዎች፣ በተለይ በሌሊት፣ ልዩነቱ ሰፊ ስለሚሆን ካሜራው ከሩቅም ይቀሰቀሳል። ሦስተኛ፣ የገላቸው ሙቀት ከአካባቢው ጋር አብሮ የሚለዋወጥ እንደ እባብና እንሽላሊት ያሉ እንስሳትን በዚህ መሣሪያ አዘውትሮ መቅረጽ አይቻልም። አራተኛ፣ መስታወት ይህን ጨረር ስለማያሳልፍ በመስኮት ወይም በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ካሜራ አይቀሰቀስም።

በፀሐይ የጋለ ቅጠል ወይም ረጅም ሣር በነፋስ ሲወዛወዝም ሴንሰሩ እንደ እንስሳ ሊቆጥረው ይችላል። ሣር በየ10 ሰከንዱ ካሜራውን ቢቀሰቅስና ካሜራው በእያንዳንዱ ጊዜ 3 ፎቶ እንዲያነሳ ቢሞላ በአንድ ሰዓት 1,080 ፎቶ ይነሳል። አንዱ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢሆን፣ ወደ 10,000 ፎቶ የሚይዝ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ በአንድ ቀን ውስጥ ሞልቶ ያድራል፤ እንስሳው በማግስቱ ሲመጣ መሣሪያው በቦታው ቢኖርም አይቀርጸውም።

2. አስቀድሞ ዓላማን መለየት

ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ ካሜራ የለም። ስለዚህ ተጠቃሚው ከዋጋ በፊት የሚፈልገውን ውጤት ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። በአካባቢው የትኞቹ እንስሳት እንዳሉ ለማወቅ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ መካከለኛ ጥራት ያለው ነገር ግን ፈጣንና ባትሪ ቆጣቢ የሆነ ካሜራ በቂ ነው። ለቱሪዝም ማስተዋወቂያ የሚሆን ምስል የሚፈለግ ከሆነ የቪዲዮና የቀን ብርሃን ጥራት ቅድሚያ ያገኛል። እያንዳንዱን ነብር በነጠብጣቡ ለይቶ መቁጠር ከታሰበ የሌሊት ምስሉ ጥርት ያለ፣ ካሜራውም በአንድ ቦታ ሁለት መሆን አለበት። የከብት በረት ለመጠበቅ ከሆነ ደግሞ ምስሉን ወዲያውኑ በስልክ የሚልክ ዓይነት ይበልጥ ይጠቅማል።

3. ካሜራ ሲመረጥ ሊታዩ የሚገቡ ነጥቦች

የመቀስቀሻ ፍጥነት፦ ይህ ሴንሰሩ እንስሳውን ከለየበት ቅጽበት አንሥቶ ፎቶ እስኪነሳ ያለው ጊዜ ነው። የማንሻ ስፋቱ 50 ዲግሪ የሆነ ካሜራ በ3 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሳየው ስፋት 2.8 ሜትር ያህል ነው። በሰከንድ 1.5 ሜትር የሚራመድ ጅብ 1 ሰከንድ በሚዘገይ ካሜራ ፊት ሲያልፍ ፎቶው የሚነሳው ከምስሉ ግማሽ በላይ ካለፈ በኋላ ነው፤ በሰከንድ 4 ሜትር እየሮጠ ከሆነ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ካሜራው በ0.3 ሰከንድ የሚቀሰቀስ ቢሆን ኖሮ የሚሮጠው እንስሳ የተጓዘው 1.2 ሜትር ብቻ ስለሚሆን በምስሉ ውስጥ ይገኝ ነበር። በመሆኑም ለእንስሳት መተላለፊያ መንገድ ከ0.5 ሰከንድ በታች የሆነ ፍጥነት ያለውን መምረጥ ይገባል። እንስሳው ቆሞ በሚቆይበት የውኃ ዳርቻ ግን ይህ ነጥብ ያን ያህል ወሳኝ አይደለም። ከአንድ ፎቶ በኋላ ለሚቀጥለው ለመዘጋጀት የሚወስደውን ጊዜም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እናት ቀድማ ግልገሏ ሲከተል ዝግጅቱ የሚዘገይ ካሜራ የሚያስቀረው እናቲቱን ብቻ ነውና።

የምስል ጥራት፦ በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሜጋፒክስል ቁጥር ብዙ ጊዜ ካሜራው በእርግጥ ከሚያነሳው በላይ ነው። አምራቾች በአነስተኛ ሴንሰር የተነሳን ምስል በሶፍትዌር አስፍተው ትልቅ ቁጥር ያስመዘግባሉ፤ ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ምስሉ አይጠራም። ስለሆነም ገዢው ቁጥሩን ሳይሆን በዚያው ሞዴል በሌሊት የተነሱ ናሙና ፎቶዎችን አይቶ መወሰን ይሻለዋል።

የሌሊት ብርሃን፦ ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው 850 ናኖሜትር በሚባለው የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ ሲሆን ርቀት ላይ ደርሶ ጥሩ ምስል ይሰጣል፤ ነገር ግን ሲበራ ከፊት ለፊት ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም መስሎ ይታያል። ሁለተኛው 940 ናኖሜትር ለሰው ዓይን አይታይም፤ በዚህም ካሜራው ከሌባ ይሰወራል፤ ይሁን እንጂ ብርሃኑ የሚደርስበት ርቀት ያጥራል፣ ምስሉም ይጨልማል። የሁለቱም የሌሊት ምስል ጥቁርና ነጭ ነው። ሦስተኛው ነጭ ፍላሽ ሲሆን በሌሊትም ባለቀለም ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ግን እንስሳትን ሊያስደነግጥና የካሜራውን ቦታ ለመንገደኛ ሊያሳይ ስለሚችል በጥንቃቄና ለተለየ ዓላማ ብቻ ሊውል ይገባል።

ባትሪ፦ በርካታ ሞዴሎች ስምንት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይወስዳሉ። በሱቅ በብዛት የሚገኘው አልካላይን ዋጋው ዝቅተኛ ቢሆንም በብርድ ኃይሉ ቶሎ ይደክማል። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የባሌው ሳነቴ አምባ በበጋ ወራት የሌሊቱ ሙቀት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ በእንደዚህ ያለ ቦታ ሊቲየም ባትሪ መጠቀም ይመረጣል። ቻርጅ የሚደረጉት ባትሪዎች ለረጅም ጊዜ ወጪ ይቆጥባሉ፤ ሆኖም የእያንዳንዳቸው ኃይል 1.5 ሳይሆን 1.2 ቮልት ስለሆነ ካሜራው በእነርሱ መሥራቱን ከመመሪያው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አሮጌና አዲስ ወይም የተለያየ ዓይነት ባትሪ መቀላቀል ፈሳሽ እንዲያፈስና መሣሪያውን እንዲያበላሽ ምክንያት ይሆናል።

ሚሞሪ ካርድ፦ ካሜራው የሚቀበለው ከፍተኛ መጠን በመመሪያው ላይ ይገለጻል። ከታወቀ አምራች የተገዛ ካርድ መጠቀም፣ ከመትከል በፊትም እዚያው ካሜራው ውስጥ ፎርማት ማድረግ ብዙ ብልሽት ያስቀራል። ለአንድ ካሜራ ሁለት ካርድ ማዘጋጀት ደግሞ በክትትል ጊዜ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ወዲያው ለመተካት ያስችላል።

ሲም ካርድ የሚቀበሉ ካሜራዎች፦ እነዚህ ምስሉን በሞባይል ኔትወርክ ወደ ስልክ ይልካሉ። በረትና ማሳ አካባቢ ጠቃሚ ቢሆኑም ኔትወርክ በማይደርስባቸው ጥብቅ ቦታዎች ዋጋቸው በከንቱ ይወጣል፤ ባትሪም ቶሎ ይጨርሳሉ። በውጭ አገር የተገዛ ካሜራ በአገር ውስጥ ከሚሠራባቸው የኔትወርክ ሞገዶች ጋር ላይጣጣም ስለሚችል አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። መሣሪያውን ከውጭ ለማስገባት የሚያስብ ሰው ከግዢው በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንንና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መስፈርት ቢጠይቅ ንብረቱ በመግቢያ በር ላይ ከመያዝ ይድናል።

4. ፈቃድ

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም በአዋጅ ይመራል። ጥብቅ ቦታዎች እንደየደረጃቸው በፌዴራል ወይም በክልል አካላት የሚተዳደሩ ሲሆን በእነዚህ ቦታዎች ካሜራ ትራፕ ለመትከል የሚፈልግ ማንኛውም ሰው ቦታውን ከሚያስተዳድረው አካል አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ለመጎብኘት የተከፈለ የመግቢያ ክፍያ መሣሪያ ተክሎ ለመሄድ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። ከጥብቅ ቦታ ውጭ ባለ የወል መሬት፣ በማኅበረሰብ ደን ወይም በቤተ ክርስቲያን ደን ለመትከልም የቀበሌውን አስተዳደር፣ የደኑን ማኅበር ወይም የአጥቢያውን አስተዳደር ማነጋገርና ስምምነት ማግኘት ያስፈልጋል።

በማመልከቻው ላይ የሚከተሉት በግልጽ ቢቀመጡ ጉዳዩን ለሚመረምረው አካል ሥራውን ያቀላሉ፦

• የአመልካቹ ስምና አድራሻ፣ ከተቋም የመጣ ከሆነ የድጋፍ ደብዳቤ፤
• ዓላማው ለጥናት፣ ለትምህርት፣ ለቱሪዝም ማስተዋወቂያ ወይም ለንግድ መሆኑ፤
• የካሜራዎቹ ብዛት፣ ዓይነትና የሚተከሉባቸው ቦታዎች፤
• ሥራው የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን፤
• የሚገኙት ምስሎች የት እንደሚውሉና ቅጂያቸው ለአስተዳደሩ የሚሰጥበት ሁኔታ።

5. ቦታ መምረጥና መትከል

ጥሩ ቦታ የሚገኘው ዱካ በማንበብ ነው። እንስሳት እንደ ሰው ቀላሉን መንገድ ይመርጣሉ፤ ስለዚህ የተረገጡ ቀጫጭን መንገዶች፣ የሸንተረር ጫፎች፣ የወንዝ መሻገሪያዎች፣ የውኃ ጉድጓዶችና የአፈር ጨው የሚላስባቸው ቦታዎች ውጤት ይሰጣሉ። አጥንት ከመብላቱ የተነሣ ደርቆ የሚነጣ የጅብ ኩስ እና ጥርኝ አዘውትሮ የሚጸዳዳበት ስፍራ እንስሳው ተመልሶ እንደሚመጣ ያመለክታሉ። በእነዚህ ምልክቶች ንባብ ከአካባቢው እረኞችና ከፓርክ ጠባቂዎች የተሻለ አማካሪ አይገኝም።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ አተካከሉ እንደሚከተለው ይሆናል።

• ከፍታ፦ ለጅብ፣ ለድኩላና ለመሳሰሉት ከመሬት ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር፤ እንደ ጃርት ላሉ አጠር ያሉ እንስሳት ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይበቃል። እንደ ባቢሌ ባሉ ዝሆን በሚገኝባቸው አካባቢዎች ካሜራውን ከ2 ሜትር በላይ ሰቅሎ ወደ ታች ማዘንበል ከመሰበር ያድነዋል።
• ርቀት፦ እንስሳው ያልፍበታል ተብሎ ከሚጠበቀው መንገድ ከ2 እስከ 4 ሜትር።
• ማዕዘን፦ ካሜራው ከመንገዱ ጋር ሰያፍ ቢሆን ሴንሰሩ እንስሳውን ይለያል፤ ምስሉም ሙሉ ጎኑን ያሳያል።
• አቅጣጫ፦ ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት፤ ምስል የምታበላሸው ስትወጣና ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ ሌንሱ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ሳይሆን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ መዞር አለበት።
• ማሰሪያ፦ በነፋስ የማይወዛወዝ ወፍራም ግንድ ይመረጣል፤ በቀበቶ ይታሰራል እንጂ ምስማር አይመታም። ዛፍ በሌለበት የውርጭ አምባ ላይ አጭር የብረት ወይም የእንጨት ምሰሶ ወይም የተከመረ ድንጋይ ያገለግላል።
• ምንጠራ፦ በሌንሱ ፊት ያለውን ሣርና ቅርንጫፍ በመጠኑ ማንሣት ይገባል፤ በጥብቅ ቦታ ግን ይህም ቢሆን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቁጥቋጦ መቁረጥም አይገባም።

በመጨረሻም ተካዩ ራሱ እንስሳው በሚሄድበት ከፍታ ጎንበስ ብሎ በካሜራው ፊት እያለፈ መቀስቀሱን ይፈትናል። አብዛኞቹ ካሜራዎች ለዚህ የሚሆን የመፈተሻ መብራት አላቸው። ፈተናው ሳይደረግ የተተወ ካሜራ ከወር በኋላ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ጥፋቱ የእንስሳቱ አለመኖር ይሁን የአተካከሉ መበላሸት ማወቅ አይቻልም።

6. ቀንና ሰዓት አሞላል

በአገራችን ከሌሎች ስህተቶች ሁሉ በላይ መረጃ የሚያበላሸው የሰዓት አሞላል ነው። ካሜራዎቹ የተሠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠርና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ሲሆን 13ኛውን ወር ጳጉሜን አያውቁም። አንድ ተጠቃሚ ሰዓቱን በአገርኛው አቆጣጠር ቢሞላና ፎቶው ላይ 8፡30 የሚል ቢታይ ከቀኑ 8፡30 ይሁን ከሌሊቱ 8፡30 ለመለየት ይቸግራል። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ግን ከቀኑ 8፡30 የሚጻፈው 14፡30 ተብሎ፣ ከሌሊቱ 8፡30 ደግሞ 02፡30 ተብሎ ስለሆነ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ስለ አንድ እንስሳ የቀን ወይም የሌሊት ልማድ የሚነገረው ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ ቁጥር ላይ ነው።

ስለዚህ ካሜራው በአውሮፓውያን ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሞላል፤ ወደ አገርኛው የሚመለሰው በመዝገብ ላይ ነው። የካሜራው ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በአንድ ሌሊት የተነሱ ፎቶዎች ሁለት ቀን ተጽፎባቸው ይገኛሉ። ቀን ሲመለስም መስከረም 1 እንደ ዘመኑ በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ስለሚውል በግምት መሥራት አይገባም።

ሲተከልና ሲነሣ ቀንና ሰዓቱ፣ የቦታው ስምና የካሜራው ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በካሜራው ፊት ቢያዝ ያ ፎቶ ራሱ ምስክር ይሆናል። ካሜራው በመሐል ባትሪው አልቆ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቢመለስ ስህተቱን በዚህ መለየትና ማረም ይቻላል።

7. ክትትልና የክረምት ጥንቃቄ

ካሜራውን ቶሎ ቶሎ መጎብኘት የሰው ጠረን በማብዛት እንስሳትን ያሸሻል፤ በጣም ማዘግየት ደግሞ ያለቀ ባትሪና የሞላ ካርድ ያስከትላል። የመጀመሪያው ጉብኝት በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢሆን የአተካከሉን ጉድለት ለማረም ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ማየት በአብዛኛው ይበቃል።

በክረምት ሣሩ በፍጥነት ስለሚያድግ በሰኔ ንጹሕ የነበረ የሌንስ ፊት በነሐሴ ሊሸፈን ይችላል። ካሜራውን በከፈቱ ቁጥር የበሩን የጎማ መዝጊያ መጥረግ፣ ውኃ መግባት አለመግባቱን መመልከትና እርጥበት የሚመጥ ከረጢት በውስጡ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ዝንጀሮና ጦጣ ካሜራ መነካካት ይወዳሉ፤ ጅብም ቀበቶውን ሊያኝክ ይችላል፤ ጉንዳንም በውስጡ ሊሠፍር ይችላል። የብረት ገመድና ቁልፍ ከእንስሳትም ከሌብነትም ይከላከላል። ይሁን እንጂ ለካሜራው ከሁሉ የላቀው ዘብ ዓላማው በሚገባ የተነገረው የአካባቢ ነዋሪ ነው። ያለቀ ባትሪ በመስክ አይጣልም፤ በሙሉ ተሰብስቦ ይመለሳል።

8. ምስሉን በትክክል ማንበብ

አርባ የጅብ ፎቶ አርባ ጅብ ማለት አይደለም፤ አንዱ ጅብ ሲመላለስ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም በጥናት ሥራ በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ ለምሳሌ በ30 ደቂቃ ልዩነት፣ የተከታተሉ የአንድ ዝርያ ፎቶዎች እንደ አንድ ክስተት ይቆጠራሉ። በተናጠል መቁጠር የሚቻለው ነብርን በመሳሰሉ፣ እያንዳንዳቸው የተለየ ነጠብጣብ ባላቸው እንስሳት ነው። የነብር የቀኝና የግራ ጎን ነጠብጣብ አይመሳሰልም፤ ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ሁለት ካሜራ ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ የሚተከለው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ እንስሳ በፎቶ አልተገኘም ማለትም በአካባቢው የለም ማለት አይደለም።

ይህ ጥንቃቄ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ከብት በሚጠፋበት ጊዜ ነው። በተገደለ በግ ሬሳ አጠገብ የተተከለ ካሜራ የሚያሳየው ሥጋውን ሊበላ የመጣውን እንጂ የገደለውን አይደለም። ነብር የገደለውን ጅብ ሊበላው ይመጣል፤ ባለቤት የሌለው ውሻ የነከሰውንም ቀበሮ ሊጎበኘው ይችላል። በሬሳው ላይ የታየውን ገዳይ ነው ብሎ መደምደም ያልበደለን እንስሳ ያስገድላል፤ እውነተኛው አጥቂ ግን በሚቀጥለው ሌሊት ወደ ጉረኖው ይመለሳል። ስለሆነም ካሜራው መተከል ያለበት በጉረኖው በርና አውሬው ይገባበታል በሚባለው የአጥር ክፍተት ትይዩ ነው። አጥቂው በየት በኩልና በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከታወቀ አጥሩን በዚያ በኩል ማጠናከር፣ ከብቶቹን ከዚያ ሰዓት በፊት ማስገባትና ጥበቃውን ማስተካከል ይቻላል።

ሬሳ መርዞ ማስቀመጥ በምንም መንገድ መፍትሔ አይሆንም። መርዙ የተፈለገውን አውሬ ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ጥንብ አንሣዎችን፣ የጎረቤት ውሾችንና ሌሎች እንስሳትን ይፈጃል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደልም በሕግ ያስጠይቃል። ጉዳት የደረሰበት ሰው ፎቶውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይዞ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በአቅራቢያው ላለው የጥብቅ ቦታ ጽሕፈት ቤት ቢያመለክት አቤቱታው በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል።

9. የእንስሳት ደኅንነትና የሰዎች ክብር

ካሜራ ትራፕ ከሌሎች መንገዶች የሚመረጠው እንስሳውን ባለመረበሹ ነው፤ አጠቃቀሙ ይህን ጥቅም ማጥፋት የለበትም። በጎሬና በጎጆ አፍ ላይ ካሜራ መትከል አይገባም። በተለይ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው ቀይ ቀበሮ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሚወልድ በዚህ ወቅት ወደ ጎሬው መቅረብ ግልገሎቹን አደጋ ላይ ይጥላል። ለዚሁ እንስሳ ከዋነኞቹ ሥጋቶች መካከል ከውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር የሚባለው በሽታ ስለሆኑ ካሜራ ለመትከልም ሆነ ለማየት ሲኬድ ውሻ ማስከተል አይገባም። ሥጋ ወይም ጨው አስቀምጦ እንስሳትን መሳብም የተፈጥሮ ባሕርያቸውን ይለውጣል፤ አዳኝ እንስሳትንም ወደ መኖሪያ መንደር ያለምዳል።

የተገኘን ምስል ለሕዝብ ማጋራት መልካም ነው። ሆኖም የነብር ወይም የሌላ ብርቅዬ እንስሳ ፎቶ ከትክክለኛው ቦታው ጋር ከተለጠፈ ለሕገወጥ አዳኝ መንገድ ያሳያል። በመሆኑም ከመለጠፉ በፊት በፋይሉ ውስጥ የተመዘገበ የጂፒኤስ መረጃ ካለ ማጥፋት፣ በጽሑፉም አውራጃውን ወይም የጥብቅ ቦታውን ስም ብቻ መጥቀስ ይበቃል።

የእንስሳት መንገድ ብዙ ጊዜ የሰውም መንገድ ነው። ማገዶ የሚለቅሙ እናቶች፣ ውኃ የሚቀዱ ልጆች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ የሚሄዱ ምእመናን ሳያውቁት ሊቀረጹ ይችላሉ። ካሜራ መተከሉን ለነዋሪው አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ በመንገዱ መግቢያ ላይ ማድረግ እና የሰዎች ምስል ሲገኝ ሳያሳዩና ሳያጋሩ መሰረዝ የተካዩ ግዴታ መሆን አለበት። ወደ ገላ መታጠቢያና ወደ ልብስ ማጠቢያ የወንዝ ዳርቻ ካሜራ ማዞር ፈጽሞ አይገባም። ምስሉ ሕገወጥ አደን ወይም የደን ጭፍጨፋ የሚያሳይ ከሆነ ተካዩ ራሱ ግለሰቦቹን ለመጋፈጥ ሳይሞክር ዋናውን ፋይል ሳይነካካ ለጥብቅ ቦታው ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ያስረክባል።

10. ለአገልግሎት ፈላጊዎች ማሳሰቢያ

ከመውጣት በፊት የሚከተሉት መሟላታቸውን ማረጋገጥ ይገባል፦

• ቦታውን ከሚያስተዳድረው አካል የተሰጠ የጽሑፍ ፈቃድና የነዋሪው ስምምነት፤
• አዲስና ተመሳሳይ ዓይነት ባትሪ፣ ፎርማት የተደረገ ካርድና መለዋወጫው፤
• በአውሮፓውያን ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር የተሞላ ካሜራ፤
• ማሰሪያ ቀበቶ፣ የብረት ገመድና ቁልፍ፤
• የካሜራው ቁጥር፣ የቦታው ስም፣ ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ የተተከለበትና የተነሣበት ቀን የሚሞላበት መዝገብ።

ይህ ማብራሪያ ጠቅላላ ግንዛቤ ለመስጠት የተዘጋጀ እንጂ ፈቃድን የሚተካ አይደለም። በአንድ የተወሰነ ጥብቅ ቦታ ለመሥራት የሚፈልጉ ዜጎች ስለ ወቅታዊው መስፈርትና ክፍያ በቀጥታ የቦታውን ጽሕፈት ቤት ወይም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይኖርባቸዋል። በፈቃድ የተተከለ፣ ሰዓቱ የተስተካከለና በአግባቡ የተመዘገበ ካሜራ የሚያስገኘው ምስል ከባለቤቱ አልፎ ለጥብቅ ቦታው አስተዳደርና ለአካባቢው ነዋሪ የሚጠቅም መረጃ ይሆናል።